ለቤት ሠራሽ የእንጨት ካያክ የጎን ተንሳፋፊ አሠራር

ጠባብ የእንጨት ካያክ (ተቀምጠው በመቅዘፊያ የሚነዱት ቀጭን ጀልባ) በፍጥነቱ የሚመሰገነውን ያህል በመገልበጥ ይታማል። ወርዱ 65 ሴንቲሜትር በሆነ ጀልባ ላይ ተቀምጦ መንጠቆ የሚወረውር ወይም ፎቶ ለማንሳት ወደ ኋላው ዞር የሚል ሰው ይህን አሳምሮ ያውቀዋል። መፍትሔው በግራና በቀኝ በክንድ፣ ማለትም ከጀልባው ወደ ጎን በሚወጣ ቱቦ፣ ተይዘው የሚቆሙ ሁለት ተንሳፋፊዎች ናቸው። ብዙ ጀማሪዎች ሐሳባቸውን ሁሉ በተንሳፋፊው ቅርፅ ላይ ያደርጋሉ፤ ሆኖም ኃይሉን ሁሉ የሚሸከመው ክንዱና ክንዱ ከጀልባው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ነው፤ ቀድሞ የሚሰበረውም እርሱ ነው።

ሥራው በስሌት ይጀመራል። ውኃ ውስጥ ገብቶ የአንድ ሊትር ቦታ የያዘ አካል በአንድ ኪሎ ግራም ያህል ኃይል ወደ ላይ ይገፋል። ክብደቱ 80 ኪሎ ግራም የሆነ ሰው ሰውነቱን ከጀልባው መሃል 25 ሴንቲሜትር ወደ ጎን ቢያዘነብል፣ የሚፈጠረው የመገልበጥ ኃይል 80 በ0.25 ተባዝቶ 20 ኪሎ ግራም ሜትር ይሆናል። ተንሳፋፊው ከመሃል መስመር 80 ሴንቲሜትር ርቆ ከተቀመጠ፣ ይህን ለመመከት የራሱ ክብደት ከተቀነሰ በኋላ 25 ኪሎ ግራም የመሸከም አቅም ሊኖረው ይገባል፤ ርቀቱ 1 ሜትር ቢሆን 20 ይበቃው ነበር። ክንዱ በረዘመ ቁጥር ግን ጀልባው ደንገልና ሣር ባለበት ዳርቻ ለማለፍ ይቸገራል፤ ስለዚህ 80 ሴንቲሜትር ጥሩ ማዕከላዊ ምርጫ ነው። ጀልባው በራሱ ያለው ሚዛን በዚህ ስሌት ውስጥ አልገባም፤ እርሱ በመጠባበቂያነት ቢያዝ ይሻላል።

ርዝመቱ 120፣ ወርዱ 18፣ ቁመቱ 20 ሴንቲሜትር ሆኖ ሁለቱ ጫፎቹ የሾሉ ተንሳፋፊ፣ በሹልነቱ ምክንያት የሙሉ ሣጥኑን 70 በመቶ ያህል ይይዛል፤ ይህም 30 ሊትር ገደማ ነው። ክብደቱ 3 ኪሎ ግራም ቢሆን 27 ይተርፋል ማለት ነው። ከወርዱ ቁመቱ የሚበልጠው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሰፊና ጠፍጣፋ ተንሳፋፊ ውኃውን ሲነካ በድንገት ስለሚይዝ ጀልባውን ወደ ጎን ይጎትታል፣ ጠባቡና ጥልቁ ግን ቀስ በቀስ ስለሚሰምጥ ተቀማጩ ድጋፉ እየጨመረ መምጣቱን ይሰማዋል። እንጨት መሥራት የማይፈልግ ሰው የፒቪሲ ቱቦ ሊጠቀም ይችላል፤ ነገር ግን በየሕንፃ ዕቃ መደብሩ የሚገኘው ባለ 110 ሚሊ ሜትር ቱቦ በአንድ ሜትር ርዝመት 9.5 ሊትር ብቻ ስለሚይዝ አይበቃም። ባለ 160 ሚሊ ሜትሩ በ150 ሴንቲሜትር ርዝመት 30 ሊትር ይይዛል፤ ክብደቱ ግን ከእንጨቱ ይበልጣል።

ለእንጨቱ ሥራ ውኃን በሚቋቋም ሙጫ የተጣበቀ የ4 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ያስፈልጋል። የሻጩን ቃል ብቻ ከማመን ይልቅ ትንሽ ቁራጭ ወስዶ ለአንድ ሰዓት መቀቀልና ንብርብሩ መላቀቅ አለመላቀቁን ማየት ይመረጣል። ሁለት የጎን፣ ሁለት የታች እና አንድ የላይ ገጽ ከተቆረጡ በኋላ፣ ከጠርዙ 1 ሴንቲሜትር ገባ ብሎ በየ10 ሴንቲሜትሩ ቀዳዳ ይበሳና ገጾቹ በቀጭን የመዳብ ሽቦ ይሰፋሉ። የላይኛው ገጽ ለጊዜው ክፍት ይቆያል። ኢፖክሲ (ሁለት ፈሳሾች ተቀላቅለው የሚደርቅ ጠንካራ ሙጫ) ከደቃቅ ሰጋቱራ ጋር እንደ ገንፎ እስኪወፍር ይለወስና በውስጥ በኩል መጋጠሚያው ላይ ተሞልቶ በማንኪያ ጀርባ ይስተካከላል፤ በላዩም 5 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው የፋይበርግላስ (ከመስታወት ክር የተሠራ ጨርቅ) ጥብጣብ ይለጠፋል። ክንዱ በሚያርፍበት ስፍራ ሁለት የውስጥ ግድግዳዎችና በመካከላቸው ጠንካራ የእንጨት ጉማጅ ይገባሉ። ውስጡ በሙሉ ኢፖክሲ ከተቀባ በኋላ ክዳኑ ይታሸጋል፣ በውጭ የቀረው ሽቦ ይቆረጣል፣ ውጩም ፋይበርግላስ ይለብሳል። የደረቀ ኢፖክሲ ላይ አንዳንድ ጊዜ ቅባት መሰል ስስ ሽፋን ስለሚወጣ፣ በብርጭቆ ወረቀት ከመፈግፈጉ በፊት በውኃ መታጠብ አለበት። ኢፖክሲ ፀሐይን ስለማይችል የመጨረሻው ልባስ ቫርኒሽ ወይም ቀለም ነው። ቆዳን ስለሚያሳክክና አለርጂ ስለሚያመጣ ያለ ጓንት አይነካም።

በተንሳፋፊው አናት ላይ በቡሽ የሚዘጋ ትንሽ ቀዳዳ መተው ግዴታ ነው። የታሸገ አየር ከ20 ወደ 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ ግፊቱ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ይህ ትንሽ ቢመስልም በዚህ መጠን ባለው ክዳን ላይ ተደምሮ ከ100 ኪሎ ግራም በላይ ይሆናል። ጀልባው ከውኃ ወጥቶ ፀሐይ ላይ በሚቆምበት ጊዜ ሁሉ ቡሹ ይነቀላል።

ወደ ክንዱ እንመለስ። ውጫዊ ስፋቱ 40፣ የግድግዳው ውፍረት 2 ሚሊ ሜትር የሆነ የአሉሚኒየም ቱቦ በጀልባው ወርድ ልክ ተቆርጦ ቋሚ ሆኖ ይታሰራል፤ ባለ 35 ሚሊ ሜትር ቱቦዎች ከግራና ከቀኝ ቢያንስ 30 ሴንቲሜትር ያህል ወደ ውስጡ ገብተው በማይዝግ ብረት ፒን ይያዛሉ። ፒኑ ሲነቀል ጀልባው ተፈታትቶ በመኪና ጣሪያ ላይ ይጫናል። ቋሚው ቱቦ የሚቀመጠው ከመቀመጫው ጀርባ ከ60 እስከ 70 ሴንቲሜትር ርቆ ነው፤ ከዚህ ቀረብ ካለ የተንሳፋፊው አፍንጫ የመቅዘፊያውን መንገድ ይዘጋል።

ቀጭን የጀልባ ክዳን ላይ በቀጥታ ቡሎን ማሰር ከሁሉ የከፋ ስሕተት ነው። ከክዳኑ በላይና በታች የእጅ መዳፍ የሚያህል የ9 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ በኢፖክሲ ይለጠፋል። ለ8 ሚሊ ሜትር ቡሎን በመጀመሪያ 12 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ በትራፓኖ ይበሳና በወፈረ ኢፖክሲ ይሞላል፤ ሲደርቅም መሃሉ ላይ የ8 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይበሳል። በዚህ መንገድ ቡሎኑ የሚነካው ፕላስቲክ የሆነውን ኢፖክሲ እንጂ እንጨቱን ስላልሆነ፣ ውኃ ቢሰርግም ኮምፔንሳቶው አይበሰብስም። ከዳዶው ሥር ሰፊ ሮንዴላ ይግባ። በጨው ውኃ ላይ ለሚቀዝፍ ሰው ማይዝግ ብረትና አሉሚኒየም ሲነካኩ አሉሚኒየሙ ስለሚበላ፣ በመካከላቸው የፕላስቲክ ሮንዴላ መጨመር ያስፈልጋል።

በነገራችን ላይ የሃዋይ ሰዎች በባህላዊ ታንኳቸው ላይ ክንዱን የሚያያይዙት በገመድ ጠፍረው ነው፤ ገመዱ ትንሽ ስለሚለቅ ማዕበሉ ሲመታ ድንጋጤው በአንድ ነጥብ ላይ አይከማችም። ቡሎን ያላመነ ሠሪ በጠንካራ ናይለን ገመድ መጠፈር ይችላል፤ የተንሳፋፊው መጋጠሚያ ላይ ገመድ እንዲያውም ይመረጣል ባይ ነኝ።

የከፍታው ልክ የሚወሰነው በወረቀት ላይ ሳይሆን በውኃ ላይ ነው። ተቀማጩ ከነዕቃው ገብቶ ጸጥ ባለ ውኃ ላይ ከቋሚው ቱቦ እስከ ውኃው ያለው ርቀት ይለካል፤ ከዚያ የተንሳፋፊው ታች ከውኃው ከ3 እስከ 5 ሴንቲሜትር ከፍ እንዲል በክንዱና በተንሳፋፊው መካከል የእንጨት ጉማጅ ይገባል። በ80 ሴንቲሜትር ርቀት ላይ 5 ሴንቲሜትር ማለት ጀልባው ከ4 ዲግሪ ባነሰ ማዘንበል ድጋፍ ያገኛል ማለት ነው። ሁለቱም ውኃ ውስጥ ከተነከሩ ቀዘፋው ይከብዳል። ሸራ ለመትከል የሚያስብ ሰው ግን አንድ ክንድ አይበቃውም፤ ከፊት ሁለተኛ መጨመር አለበት።

የመጀመሪያው ፍተሻ ወገብ በሚደርስ ውኃ ላይ፣ የመንሳፈፊያ ጃኬት ለብሶና ሌላ ሰው አጠገብ ቆሞ ይደረጋል። ቀስ እያሉ ወደ አንድ ጎን ማዘንበልና ተንሳፋፊው ስንት ድረስ እንደሚሰምጥ መመልከት ይገባል፤ ሙሉ በሙሉ ከሰጠመ በኋላ የሚጨምረው ድጋፍ ስለሌለ ጀልባው በድንገት ይገለበጣል። አንዴ ከተገለበጠ ደግሞ ሁለቱ ተንሳፋፊዎች በተገለበጠበት አጽንተው ስለሚይዙት በመቅዘፊያ አሽከርክሮ መመለስ አይቻልም። ስለሆነም ከመቀመጫው ወጥቶ መዋኘትን፣ በውኃ ውስጥ ሆኖም በአንድ ወገን ያለውን ፒን ነቅሎ ጀልባውን ማቃናትን እዚያው ጥልቀት በሌለው ውኃ ላይ ደጋግሞ መለማመድ ያስፈልጋል፤ የሚነቀለው ፒንና ክንድም እንዳይጠፉ በሲባጎ ከጀልባው ጋር ይታሰሩ።