ከሰፈር ሜዳ እስከ ፕሪሚየር ሊግ፦ የጎጃም አማካዮች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከደጀን እስከ ባሕር ዳር ባለው መንገድ ግራና ቀኝ፣ ሜዳ ባለበት ሁሉ አመሻሽ ላይ ኳስ አለ። ባሕር ዳር ከተማ በ2010 ዓ.ም. ወደ ፕሪሚየር ሊግ ካደገ ወዲህ ደግሞ «እኔም እዚያ እጫወታለሁ» የሚለው ልጅ በዝቷል። እግራቸው የተባረከ ልጆች ሞልተዋል። ችግሩ አንድ ተጫዋች በ90 ደቂቃ ውስጥ ኳስ እግሩ ሥር የምትቆየው ቢበዛ ሁለት ሦስት ደቂቃ መሆኑ ነው። ልጆቻችን የሚወድቁት በቀረው ሰዓት ነው፤ ከሜዳ ውጭ ያለው ሰዓትም ይቆጠራል።

ኳሷን ብቻ እያዩ መቀበል

ትልቁ ስህተት ይኸው ነው። የመሐል ተከላካዩ ኳስ ይዟል። አማካዩ ፊቱን ወደ ራሱ ግብ አዙሮ፣ እግሩን ገጥሞ፣ እጁን ዘርግቶ «ስጠኝ!» ይላል። ከኋላው ተጋጣሚ መኖሩን የሚያውቀው ቁርጭምጭሚቱን ሲመታው ነው። ቢተርፍም ኳሷን ወደ መጣችበት ከመመለስ ሌላ ምርጫ የለውም። ተመልካቹ «አልተነጠቀም» ብሎ ያልፈዋል፤ ለምልመላ የመጣ አሰልጣኝ ግን ስሙን ሰርዞ ወደ ሌላው ይዞራል።

ሁለት ጊዜ መቃኘት ያስፈልጋል፤ መጀመሪያ ኳሷ ወደ ተከላካዩ ስትሄድ፣ ቀጥሎ ከተከላካዩ እግር ወጥታ ወደ አንተ ስትመጣ። የታላላቅ ተጫዋቾችን የአንገት እንቅስቃሴ በቪዲዮ ያጠናው ኖርዌያዊው ጌይር ዮርዴት ያገኘውም ከዚህ አይርቅም፦ ኳስ ከመቀበላቸው በፊት ደጋግመው የሚቃኙት ቀጣዩ ቅብብላቸው ይበልጥ ይሳካል። ከዚያ የሰውነት አቋም አለ። ሁለቱንም ግብ ማየት እንድትችል ጎንህን ሰጥተህ ቁም፤ ኳሷን በሩቁ እግርህ ተቀበል። ከግራ የመሐል ተከላካይ ከመጣች በቀኝ እግር ውስጠኛ ጎን ማለት ነው። ያን ጊዜ ኳሷን ማቆምና ወደ ፊት መዞር አንድ ሥራ ይሆናል።

ልምምዱ ውድ ዕቃ አይፈልግም። ከግድግዳ 6 ሜትር ራቅ ብለህ ቁም። ጓደኛህ ከኋላህ 3 ሜትር ላይ ቀይና ቢጫ ጨርቅ ይያዝ። ኳሷን ግድግዳው ላይ መትተህ እስክትመለስ ድረስ ዞር ብለህ ቀለሙን ጥራ፤ ቀይ ከሆነ በአንድ ንክኪ መልስ፣ ቢጫ ከሆነ በሩቁ እግር ተቀብለህ ዙር። ሁለት ደቂቃ ሥራ፣ አንድ ደቂቃ ዕረፍት፣ አምስት ዙር፣ በሳምንት አራት ቀን። የሚበላሸው ጓደኛህ ጨርቁን ቀድሞ ሲያነሣ ነው። ማንሣት ያለበት ኳሷ ከእግርህ ከወጣች በኋላ ነው፤ አለዚያ አንዴ ታይና አንገትህ ይተኛል። ግድግዳው የጭቃ ከሆነ ባለቤቷን እትዬን ቀድሞ ማስፈቀድ ደግ ነው፤ ምርጊቱ ሲረግፍ ልምምዱም ያበቃል።

ግንድ ይዞ መዞር

«ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» የሚለው ተረት ለአንዳንድ አማካይ የተነገረ ይመስላል። ሦስት ሰው ያታልላል፣ አራተኛው ይነጥቀዋል፣ የመስመር ተከላካዮቹ ወደ ፊት ሄደዋልና ተጋጣሚ ክፍት ሜዳ ያገኛል። ልማዱ ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው። ጉድጓድና ኮረብታ በሞላበት ሜዳ ያደገ ልጅ ኳስ አቀብሎ ከማጣት ራሱ ይዞ መሄድን ይመርጣል። ማታለልን ከልጅ ላይ መንጠቅ ግን ሌላ ጥፋት ነው፤ ቦታውን ማስተማር ይበቃል። በራስ ሜዳ ሲሶ ላይ አንድ ወይም ሁለት ንክኪ፣ በተጋጣሚው ሲሶ ላይ እንደልብ።

ክረምቱን መተኛት

ሊጉ የሚካሄደው በአብዛኛው ከመኸር እስከ ሰኔ አካባቢ ነው፤ ክረምቱ ዕረፍት ነው። ጎጃም ላይ ደግሞ ዝናቡ አያባራም፤ ሜዳው ጭቃ ይሆናል፣ ልጁም ጋቢ ይደርባል። ሁለት ሳምንት ቢያርፍ ይገባዋል። አራት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከተኛ ግን ትንፋሹ ይወርዳል፤ በአንድ ጨዋታ ከ10 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ለሚሸፍን አማካይ ትንፋሽ ማጣት ቦታ ማጣት ነው።

በሳምንት ሁለት ቀን ዳገት ምረጥ። አራት ደቂቃ ዓረፍተ ነገር መጨረስ እስኪያቅትህ በርትተህ ሩጥ፣ ሦስት ደቂቃ በዝግታ ተራመድ ወይም ሶምሶማ ሩጥ፤ አራት ጊዜ ድገም። የታፋ የኋላ ጡንቻህን ለመጠበቅ ደግሞ ተንበርከክና ጓደኛህ ቁርጭምጭሚትህን ይያዝልህ፤ ወገብህን ሳታጥፍ ቀስ ብለህ ወደ ፊት ውረድ፣ መሬት ስትደርስ በእጅህ ተቀበል። አምስት አምስት ጊዜ፣ ሁለት ዙር ይበቃል። በመጀመሪያው ሳምንት ጡንቻው ስለሚያምህ ከጨዋታ በፊት ባለው ቀን አትጀምረው።

የደብረ ማርቆስን ኳስ ድሬዳዋ ላይ መምታት

ፕሪሚየር ሊጉ ክለቦችን በተመረጡ ከተሞች ሰብስቦ ማጫወት ከጀመረ ወዲህ ይህ ስህተት ጎልቷል። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ባሕር ዳር 1,800፣ ድሬዳዋ ግን 1,200 አካባቢ። ዝቅ ባለ ቦታ አየሩ ስለሚወፍር ኳሷን ቶሎ ያደክማታል። ደጋ ላይ ደረት ላይ ያረፈው ረጅም ኳስ እዚያ አጥሮ በተጋጣሚ እግር ላይ ይወድቃል። ጨዋታው ከመድረሱ በፊት ቢያንስ በሁለት ልምምድ ሠላሳ ሠላሳ ረጅም ኳስ መትተህ ኃይልህን አስተካክል።

ሙቀቱም አለ። ከልምምድ በፊትና በኋላ ተመዘን፤ ለጎደለው ለእያንዳንዱ ኪሎ አንድ ሊትር ተኩል ፈሳሽ ቀስ በቀስ ጠጣ። ላብህ ብዙ ከሆነ ከጤና ጣቢያ የሚሰጠውን ኦ አር ኤስ ፓኬቱ ላይ እንደተጻፈው በጥብጥ። በግማሽ ሊትር አድርጎ ማወፈር ሆድ ያውካል እንጂ ኃይል አይጨምርም።

ጾምንና ልምምድን አለማቀናጀት

ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ የሚውለውም የውድድሩ ዘመን እየገፋ ባለበት ወቅት ነው። ጾሙ አማካይን አይጥልም። የሚጥለው ጠዋት በባዶ ሆድ ከባድ ልምምድ ሠርቶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት ነው። ከነፍስ አባትህና ከአሰልጣኝህ ጋር ተነጋገር። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የምትበላ ከሆነ ከባዱ ልምምድ 11 ሰዓት ተኩል አካባቢ ይሁን፣ ጠዋት ቦታ አያያዝና ቀላል ቅብብል ብቻ።

መጠኑን የሚያሰላ ጥቂት ነው። 65 ኪሎ የሚመዝን ተጫዋች በቀን 100 ግራም ያህል ፕሮቲን ያስፈልገዋል። 100 ግራም ደረቅ ምስር 24 ግራም ገደማ አለው፤ ስለዚህ ቀጠን ያለ ሽሮ በእንጀራ ጫፍ እየነኩ መብላት አያደርስም። ምስር፣ አተር፣ ሽምብራና ለውዝ በሁለት በሦስት ማዕድ ይከፋፈሉ። ከጨዋታ በፊት በሶ በማር ጥሩ ነው፤ ሆድ ላይ የማይከብድ ምግብ ነው። ቡናውን ግን ከምግብ አንድ ሰዓት ራቅ አድርገው፤ ወዲያው ከተጠጣ ሰውነት ከምግቡ የሚያገኘውን ብረት ይቀንሳል። በጎጃም ቤት ይህን ማለት ቀላል እንዳልሆነ እናውቃለን።

ወለምታን ትኩስ እያለ ማሸት

ቁርጭምጭሚት ሲዞር የሰፈር ወጌሻ በዘይት አሽቶ ያሞቀዋል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ይህ እብጠቱን ያባብሰዋል። በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ወይም በጣም ቀዝቃዛ ውኃ 15 ደቂቃ፣ በየሁለት ሦስት ሰዓቱ፤ በፋሻ ጠበቅ፣ እግርን ከፍ። አራት እርምጃ መራመድ ካቃተህ ወይም የቁርጭምጭሚቱን አጥንት ከኋላ ጠርዝ ስትጫነው ከባድ ሕመም ካለ ራጅ ሳትነሣ አትመለስ። ወደ ሜዳ የምትመለሰው በተጎዳው እግር ብቻ አሥር ጊዜ ሳታነክስ ስትዘል ነው።

ቢጫ ካርድህን አለመቁጠር

የተከላካይ አማካይ ካርድ አያጣም። ዋልያዎቹ በሰኔ 2005 ዓ.ም. ቦትስዋናን ከሜዳቸው ውጭ 2 ለ 1 አሸንፈው ሳለ፣ በሁለት ቢጫ መቀጣት የነበረበት አማካይ በመሰለፉ ውጤቱ 3 ለ 0 ሽንፈት ሆኖ ሦስት ነጥብ ሄደ። መቁጠሩ የኃላፊዎቹ ሥራ ነበር። አንተም ግን በስልክህ ላይ ቀኑን፣ ተጋጣሚውንና ካርዱን መዝግብ።

የዕድሜ ሰነድን ማዘበራረቅ

ዕድሜ መቀነስ ኋላ የሚያጋልጥ መሆኑ ይታወቃል። ያልታሰበው ስህተት ግን የዘመን አቆጣጠር ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ለተወለደ 7፣ ከዚያ በኋላ ለተወለደ 8 ዓመት ይጨመራል። መስከረም 5 ቀን 2000 ዓ.ም. የተወለደ በፈረንጆች ሴፕቴምበር 16፣ 2007 ነው፤ ጥር 5 ቀን 2000 የተወለደ ግን ጃንዋሪ 14፣ 2008። የልደት ምስክር ወረቀቱ አንድ፣ ፓስፖርቱ ሌላ ከሆነ ዝውውሩ ይቆማል። የአባትና የአያት ስም የላቲን አጻጻፍም በሁሉም ሰነድ አንድ ይሁን። ይህ የሩቅ ጉዳይ አይደለም፤ ሽመልስ በቀለ ለዓመታት በግብፅ ሊግ ተጫውቷል፣ ጋቶች ፓኖም በ2017 እ.ኤ.አ. ከኢትዮጵያ ቡና ወደ ሩሲያው አንዢ ሄዷል፤ ሁለቱም አማካዮች ናቸው። ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ ግን ፊፋ የውጭ ዝውውርን ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር ይከለክላል። «በ16 ዓመቱ ውጭ አገር አስፈርመዋለሁ» ብሎ ከወላጅ ብር የሚጠይቅ ደላላ ካለ ብሩን አትስጡት።

ሳያነቡ መፈረም

በፊፋ ደንብ ከ18 ዓመት በታች ያለ ተጫዋች ከ3 ዓመት በላይ ውል አይፈርምም፤ ለሌላው ጣሪያው በመደበኛው 5 ዓመት ነው። ደመወዙ፣ የፊርማ ክፍያው የሚከፈልበት ቀንና ሲጎዱ ማን እንደሚያሳክም በጽሑፍ ይስፈር፤ «ግድ የለም፣ እናስተካክልልሃለን» ውል አይደለም። ክለቡ የሁለት ወር ደመወዝ ካልከፈለ፣ ውሉን በበቂ ምክንያት ለማፍረስ መጀመሪያ ቢያንስ 15 ቀን የሚሰጥ ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ማስገባት አለብህ። ብዙዎች እዚህ ላይ ይሳሳታሉ። ለሥራ አስኪያጁ ስልክ ደውሎ መማጠን ማስጠንቀቂያ ተብሎ አይቆጠርም፤ ተናዶ ካምፕ ጥሎ መውጣት ደግሞ ጥፋቱን ወደ ተጫዋቹ ያዞረዋል። ደብዳቤው በሁለት ቅጂ ይጻፍ። አንዱን አስገባ፤ ሌላው ላይ ተቀባዩ ቀንና ማኅተም ያድርግበትና እናትህ የቤቱን ካርታ በምታስቀምጥበት ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ።