አሰልጣኙን ከመራገማችሁ በፊት

ፍኖተ ሰላም የስፖርት መምህር ነኝ። ሜሪላንድ የሚኖረው ታናሽ ወንድሜን እዚያ ከሄደ ወዲህ የቤዝቦል ልክፍት ይዞታል፤ ቡድኑ የባልቲሞር ኦሪዮልስ ነው። በጥሎ ማለፍ በተሸነፉ ቁጥር ይደውልና «ጋሼ፣ ይሄ ሰውዬ በላን!» ይለኛል። ሰውዬው አሰልጣኙ ነው። ስሰማው ስሰማው ጨዋታውን ለመድኩት፤ አሁንማ ዳኛው እኔ ሆኛለሁ። እንዴት እንደምፈርድ ልንገራችሁ፤ ለእግር ኳስም ይሆናል።

ገና ተጫውቶ ላደገ ሰው ቤዝቦል አይከብድም፤ ያው ዱላና ኳስ ነው። አንዱ ይወረውራል፣ አንዱ ይመታል። አንድ ሕግ ብቻ ያዙልኝ፦ ተቀይሮ የወጣ ተጫዋች በዚያ ጨዋታ ተመልሶ አይገባም። ስለዚህ የአሰልጣኙ ከባዱ ሥራ ወርዋሪውን መቼ አውጥቶ ማንን እንደሚያስገባ መቁረጥ ነው።

መጀመሪያ ጥፋቱ የእጅ ነው ወይስ የውሳኔ ብላችሁ ለዩ። እ.ኤ.አ. በ2024 በዋንጫው ፍጻሜ (ቀድሞ አራት ጨዋታ ያሸነፈ ይወስዳል) አምስተኛ ጨዋታ የኒውዮርክ ያንኪስ ዶጀርስ የሚባለውን ቡድን 5 ለ 0 ይመሩ ነበር። በአምስተኛው ኢኒንግ (ሁለቱም ቡድኖች በየተራ የሚመቱበት ዙር ነው፤ ጨዋታው ዘጠኝ ዙር ነው፣ እኩል ከሆኑ ይቀጥላል) የያንኪሱ አሮን ጀጅ ቀላል የአየር ኳስ ከጓንቱ አመለጠችው፤ አንተኒ ቮልፒ አበላሽቶ ወረወረ፤ ወርዋሪው ገሪት ኮል ደግሞ አንደኛውን ቤዝ (መቺው ሮጦ የሚረግጠውን ማረፊያ) ሮጦ መሸፈን ሲገባው ቆሞ ቀረ። ዶጀርስ እዚያው 5 ለ 5 አደረጉ፣ 7 ለ 6 አሸንፈው ዋንጫውን ወሰዱ። እዚህ ላይ አሰልጣኝ የሚራገም ሰው ጨዋታውን አላየም።

ጥፋቱ የውሳኔ ከሆነ ውጤቱን በእጃችሁ ሸፍኑና በዚያች ደቂቃ ምን ይታወቅ እንደነበር ጠይቁ። በ2003 የቦስተኑ አሰልጣኝ ግሬዲ ሊትል በስምንተኛው ኢኒንግ ከያንኪስ ጋር 5 ለ 3 እየመራ፣ ከ100 በላይ ኳስ የወረወረውን ፔድሮ ማርቲኔዝን ሊያናግር ወደ ሜዳ ገባ። ትችላለህ? አለው። እችላለሁ አለ። ትቶት ወጣ። ያንኪስ እኩል አደረጉ፣ በ11ኛው ኢኒንግ አሸነፉ።

ይህን ስሰማ ሆዴ ተላወሰ። ደብረ ማርቆስ ላይ በትምህርት ቤቶች ፍጻሜ 1 ለ 0 እየመራን የግራ ተከላካዬ ማነከስ ጀመረ። መስመሩ ጋ ጠርቼ «እንዴት ነህ?» አልኩት። «ደህና ነኝ ቲቸር» አለኝ፣ መሬት መሬት እያየ። ተቀያሪው ካልሲውን እስከ ጉልበቱ ስቦ አጠገቤ ቆሟል። ተውኩት። ሁለቱም ጎል በእሱ በኩል ገባ። ስንመለስ መኪና ውስጥ ልጆቹ ሲያብጠለጥሉት እስከ ደምበጫ ድረስ ዝም አልኩ። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ፍጻሜ ላይ «ደክሞኛል፣ አውጣኝ» ሊለኝ ኖሯል? ጥያቄዬ ራሱ ጥፋት ነበር። ስለዚህ አሰልጣኝ «ተጫዋቹ እችላለሁ ብሎኛል» ካለ አትቀበሉት።

የታምፓ ቤይ አሰልጣኝ ኬቨን ካሽ በ2020 ተቃራኒውን አደረገ፤ 73 ኳስ ብቻ የወረወረውን ብሌክ ስኔልን 1 ለ 0 እየመራ አስወጣው፣ 3 ለ 1 ተሸነፈ። እሱ እንኳ ምክንያት ነበረው፤ መቺዎች አንድን ወርዋሪ ለሦስተኛ ጊዜ ሲያገኙት ይለምዱታል። እኔ ግን ልጁ ዘጠኝ መቺ በባዶ መልሶ ነበርና አላስወጣውም ነበር።

በመጨረሻ ወንበር ላይ ማን ተቀምጦ እንደቀረ እዩ። የወንድሜ ቁስል ይሄ ነው። በ2016 ኦሪዮልስ ከቶሮንቶ ጋር 2 ለ 2 ሆነው 11ኛው ኢኒንግ ገቡ። በዚያ ዓመት መሪነት አስጠብቅ ተብሎ 47 ጊዜ ገብቶ 47ቱንም ያስጠበቀው ዛክ ብሪተን ተቀምጧል። አሰልጣኙ ባክ ሾዋልተር «ስንመራ አስገባዋለሁ» ብሎ አቆየው፤ ሳይመሩ አለቀ። በሌላ ወርዋሪ ላይ የቶሮንቶው ኤድዊን ኢንካርናሲዮን መትቶ ከሜዳ አወጣት፤ በአንድ ምት ሦስት ነጥብ፣ 5 ለ 2። ለክፉ ቀን ያሉት ጤፍ ጎተራ ውስጥ እንዳለ ቤተሰቡ ጦሙን አደረ።

ግን ደግሞ በ11 ኢኒንግ ሁለት ነጥብ ብቻ ያመጡ መቺዎችስ? ይህንኑ ለወንድሜ ነገርኩት፤ ሰባው ለሰውዬው፣ ሠላሳው ለመቺዎቹ ብዬ ፈረድኩ። ሠላሳውን እስካሁን አልተቀበለኝም።