አሥራ አንደኛዋ ጥርስ

መኪናዬ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1958 የተሠራች ኤምጂኤ የምትባል የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ናት፤ 1489 ሲሲ ሞተር፣ አራት ማርሽ። በረጅም መንገድ ላይ ጩኸቷ ስላሰለቸኝ የሞተሩን ዙር ልቀንስ ተነሣሁ።

መጀመሪያ ስሌት። ጎማው ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉና መኪናዋን ጎማው አንድ ሙሉ ዙር እስኪዞር ገፍታችሁ ርቀቱን ለኩ። ሰው ይቀመጥባት፤ ክብደቱ ልኬቱን ይለውጠዋል። የእኔ 1.97 ሜትር ሆነ። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ማለት በደቂቃ 1667 ሜትር ስለሆነ ጎማው 846 ጊዜ ይዞራል። ይህን በዲፈረንሻሉ (የሞተሩን ዙር ቀንሶ ለኋላ ጎማዎች በሚያስተላልፈው የጥርስ ስብስብ) ምጥጥን፣ በ4.3 አባዙት፦ ሞተሩ በደቂቃ 3638 ዙር ይዞራል ማለት ነው። አራተኛው ማርሽ ቀጥታ በመሆኑ ካምቢዮው የሚጨምረውም የሚቀንሰውም የለም።

እኔ የመረጥሁት ኤምጂኤን የተካችው የኤምጂቢ የመጀመሪያዎቹን ጣሪያ ክፍት መኪኖች ዲፈረንሻል ነው። ምጥጥኑ 3.909 ሲሆን ዙሩን ወደ 3307 ያወርደዋል። ባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮ ከዚህም በታች ያወርዳል፤ ዋጋውና ሥራው ግን ሌላ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ መግጠም አይመቸኝም። ይህ ሞተር ጉልበቱን በደንብ የሚሰጠው 3500 ዙር አካባቢ ነው፤ ከዚያ በጣም ካራቃችሁት ትንሽ ዳገት ባያችሁ ቁጥር ወደ ሦስተኛ መመለስ ነው።

አሁን ወደ ስሕተቴ። ያገለገለ ዲፈረንሻል ልገዛ ሄጄ የትልቁን ጥርስ ክብ ቆጠርሁ፤ 43። ደስ ብሎኝ ተሸክሜው ገባሁ። ለካ በሁለቱም ዓይነት ትልቁ 43 ጥርስ ነው! ልዩነቱ ያለው ትንሹ ላይ ነው፤ 10 ከሆነ 4.3፣ 11 ከሆነ 3.909። ከቤቴ ያለውን ዓይነት ሁለተኛ ገዝቼ ነበር። ትንሹን ቁጠሩ። መኪና ላይ የተገጠመ ከሆነ ደግሞ ካምቢዮውን ነጻ አድርጉ፤ አንዱን የኋላ ጎማ መሬት ላይ ትታችሁ ሌላውን አንሡና 20 ጊዜ አዙሩት። ወደ ኋላ የሚሄደው ረጅም ዘንግ 43 ጊዜ ከዞረ ተዉት፤ 39 ከሆነ ውሰዱት።

መግጠሙ የአንድ ቀን ሥራ ነው። መኪናዋን በጠንካራ መደገፊያ ላይ አሳርፉ፤ በክሪክ ብቻ ተማምኖ ሥር መግባት የለም። ዘይቱን አፍስሱ፣ የፍሬን ከበሮዎቹን አውልቁ፣ ጎማ የሚያዞሩትን ሁለት ዘንጎች ወደ ውጭ ሳቡ፣ ረጅሙን ዘንግ ፍቱ፤ ከዚያ ዙሪያውን ያሉትን ዳዶዎች። ዕቃው ከባድ ነው፤ ደረታችሁ ላይ ሳይሆን ክሪክ ላይ ይውረድ። አዲሱን ከማስገባታችሁ በፊት የዘንጎቹን ጫፍ ጥርስና የፍላንጁን (ረጅሙ ዘንግ የሚታሰርበትን ክብ ብረት) ቀዳዳዎች ከድሮው ጋር አስተያዩ። አዲስ ጓርኒሲዮን፣ ሃይፖይድ 90 ዘይት፣ አበቃ።

በመጀመሪያ ማርሽ ስትነሡ ፍሪሲዮኑን ትንሽ ቆየት አድርጋችሁ ትለቃላችሁ፤ ዳገት ላይ በተለይ። በሁለተኛው ሳምንት እግሬ ለመደው።

የፍጥነት ቆጣሪው ግን አይለምድም። የሚነበበው ከካምቢዮው ስለሆነ ዲፈረንሻሉ መቀየሩን አያውቅም፤ 90 ሲል መኪናዋ 99 ላይ ናት። እስካስተካክለው ድረስ መስታወቱ ላይ፣ 90 አጠገብ፣ ቀይ ወረቀት ለጥፌበታለሁ።