ለሙሉ ትጥቅ ጉዞ ሰውነትን ማዘጋጀት

ምልምል ወታደርን ከሥልጠና ሜዳ የሚያስቀረው ብዙ ጊዜ የወኔ ማነስ ሳይሆን ሸክም ያልለመደ እግር ነው። ስለዚህ ወደ ማሠልጠኛ ለመግባት ጥቂት ወራት የቀሩት ሰው በመጀመሪያ ያለ ሸክም ፈጠን ብሎ ረጅም መንገድ መራመድን ይልመድ፤ ከዚያም ቀላል ሸክም ይዞ ይጀምርና በአንድ ሳምንት ውስጥ ርቀቱን፣ ክብደቱን ወይም ፍጥነቱን እንጂ ሦስቱንም በአንድ ጊዜ አይጨምር። በልምምድ ወቅት ሸክሙ ከሰውነት ክብደት አንድ ሦስተኛውን ባያልፍ ይመረጣል።

ጥንቃቄው የሚያስፈልግበት ምክንያት አለው። ሳንባና ጡንቻ በጥቂት ሳምንታት ሲበረቱ፣ አጥንት ግን አዲስ ጫና ሲደርስበት አሮጌውን ክፍል አስወግዶ አዲስ እስኪተካ ድረስ ለጊዜው ይዳከማል። ሠልጣኙ ጉልበት እንዳገኘ በሚሰማው በዚያው ወቅት በቅልጥሙ ወይም በእግሩ የፊት አጥንቶች ላይ ስንጥቅ ሊፈጠር ይችላል። ሕመሙ በአንድ ጣት ተነክቶ በሚታወቅ ቦታ ላይ ከሆነና በእርምጃ ቁጥር ከባሰ፣ ችሎ መጓዝ ጀግንነት አይደለም፤ ለጤና ባለሙያ ወዲያውኑ መንገር ይገባል።

ቦርሳው ሲታሰር ከባዱ ዕቃ ከላይ በኩል፣ ወደ ጀርባ ተጠግቶ ይቀመጥ፤ የወገቡ ቀበቶም ጠበቅ ብሎ ክብደቱን ከትከሻ ወደ ዳሌ ያውርድ። አዲስ ቦት ጫማ ለረጅም ጉዞ አይደረግም፤ አስቀድሞ በአጫጭር መንገድ ሊለመድ ይገባል። በእረፍት ሰዓት ጫማን አውልቆ እግርን ማድረቅና የረጠበ ካልሲን መቀየር፣ የማቃጠል ስሜት የጀመረበትንም ቦታ ውኃ ሳይቋጥር በፕላስተር መሸፈን ያስፈልጋል። ውኃ ከቋጠረና ትንሽ ከሆነ አይነካ፤ መራመድ የሚከለክል ከሆነ ግን ቦታው ከታጠበ በኋላ በተቀቀለ መርፌ ከጠርዙ ተበስቶ ይፈስሳል፣ ቆዳው ሳይገፈፍም በንጹሕ ጨርቅ ይሸፈናል።

ሙቀትን ለመልመድ ሰውነት እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። ውኃን በየጊዜው ከኮዳ ጥቂት ጥቂት መጠጣት ይበቃል፤ በሰዓት ከአንድ ሊትር ተኩል በላይ መጠጣት የደምን ጨው አቅጥኖ ለሕይወት ያሰጋልና። አንድ ጓድ መንገዳገድና መቀባዠር ከጀመረ ትጥቁን አውልቆ በቀዝቃዛ ውኃ መንከር ወይም ማርከፍከፍ ይቅደም፤ ወደ ሕክምና መውሰዱ ከዚያ ይከተላል።

ከምረቃ በኋላ ይህን አቋም ማቆየት ከመገንባቱ ይቀልላል። በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ አንድ ጊዜ በሸክም መጓዝ፣ በመካከሉም ሩጫና የጡንቻ ሥራ መሥራት፣ ሌሊትም ቢያንስ ሰባት ሰዓት መተኛት በቂ ነው። ጉዞው ለሳምንታት ተቋርጦ ከነበረ ግን ሸክሙ እንደገና ከቀላል ይጀመራል።