ማዘርቦርድና ግራፊክስ ካርድ ከቀየሩ በኋላ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ማዘርቦርድና ግራፊክስ ካርድ በአንድ ቀን የቀየረ ሰው፣ ስክሪኑ ጠቆር ብሎ ሲመለስና በቀኝ ጥግ «ዊንዶውስን አክቲቬት ያድርጉ» የሚል ጽሑፍ ሲወጣ፣ ሁለቱን እንደ አንድ ችግር ይቆጥራቸዋል። የመጀመሪያው ስህተት ይህ ነው። አክቲቬት ያልሆነ (ፈቃዱ ያልተረጋገጠ) ዊንዶውስ የስክሪን ገጽታ መቀየርን የመሳሰሉ ነገሮችን ይከለክላል እንጂ ድራይቨር፣ ማለትም ግራፊክስ ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም፣ ጥሎ ስክሪኑን አያጠቁርም።

ሁለተኛው፣ ማስረጃውን ሳያዩ ዊንዶውስን እንደገና መጫን ነው። ግራፊክስ ካርዱ በ2 ሰከንድ ውስጥ ምላሽ ካልሰጠ ዊንዶውስ ድራይቨሩን ራሱ መልሶ ያስነሳዋል፤ ይህም በኢቨንት ቪወር (የዊንዶውስ የክስተት መዝገብ) ውስጥ በቁጥር 4101 ተመዝግቦ ይገኛል። የተመዘገበውን ሰዓት ያን ጊዜ ሲሠሩት ከነበረው ሥራ ጋር ያስተያዩ። ስክሪኑ የሚጠፋው ከባድ ጌም ሲከፈት ብቻ ከሆነ፣ ከድራይቨሩ በፊት ሙቀቱንና የኃይል ኬብሉን መመርመር ይሻላል። ካርዱ የሚሰካበት የማዘርቦርዱ ማስገቢያ ራሱ ለካርዱ የሚሰጠው ቢበዛ 75 ዋት ሲሆን ባለ 8 ፒን ኬብል 150 ዋት ይጨምራል፤ ስለዚህ ሁለት መሰኪያ ላለው ከባድ ካርድ፣ ጫፉ ለሁለት ከተከፈለ አንድ ኬብል ይልቅ ሁለት የተለያዩ ኬብሎችን ከፓወር ሰፕላዩ መሳብ ይመረጣል። 2 ሰከንዱን በሬጂስትሪ (የዊንዶውስ ቅንብሮች በሚቀመጡበት ቋት) ማራዘም ግን ምልክቱን ይሸፍናል እንጂ መንስኤውን አያነሳም።

በአሮጌው ድራይቨር ላይ አዲሱን መደረብም፣ በተለይ ከኤንቪዲያ ካርድ ወደ ኤኤምዲ ካርድ ለተሻገረ ሰው፣ ብዙ ጣጣ ያመጣል። ኢንተርኔቱን ያቋርጡ፤ አለዚያ የዊንዶውስ አፕዴት መሀል ገብቶ የራሱን ድራይቨር ሊጭን ይችላል። ከዚያ በሴፍ ሞድ (ዊንዶውስ በመሠረታዊ ድራይቨሮች ብቻ በሚነሳበት ሁኔታ) ገብተው አሮጌውን ዲስፕሌይ ድራይቨር አንኢንስቶለር በተባለው ማጽጃ ፕሮግራም ያጽዱና የካርዱ አምራች ያወጣውን ይጫኑ።

ከሁሉ የሚያስቆጨው ስህተት የሚፈጸመው ኬዙ ከመከፈቱ በፊት ነው። ዲጂታል ላይሰንሱ (የዊንዶውስ የመጠቀሚያ ፈቃድ) በዋናነት የሚታሰረው ከማዘርቦርዱ ጋር ስለሆነ፣ አሮጌው ማዘርቦርድ ሳይነቀል ላይሰንሱ ከማይክሮሶፍት አካውንት ጋር ሊያያዝ ይገባል፤ ይህ ከ2016 ጀምሮ፣ ከዊንዶውስ 10 ዕትም 1607 ወዲህ ይቻላል። ከለውጡ በኋላ በሴቲንግስ ውስጥ ካለው የአክቲቬሽን ገጽ የችግር መፍቻውን ከፍተው፣ በቅርቡ ሃርድዌር መቀየርዎን የሚገልጸውን አማራጭ ይመርጣሉ። ከኮምፒውተሩ ጋር ተጭኖ የመጣ ላይሰንስ ግን ወደ ሌላ ማዘርቦርድ አይዛወርም፤ ለብቻው የተገዛ ይዛወራል። የትኛው እንዳለዎት ሳያረጋግጡ አዲስ የአክቲቬሽን ቁልፍ አይግዙ፤ አንቲቫይረስ አጥፉልኝ የሚል አክቲቬተርም (ዊንዶውስን ያለ ፈቃድ አክቲቬት የሚያደርግ ፕሮግራም) ፈጽሞ አያስነሱ፣ በአድሚን ሥልጣን የሚሠራ ፕሮግራም በኮምፒውተሩ ላይ የማይደርስበት ነገር የለምና።