በጣና ደሴቶች ላይ ያገለገለ ሞዴስ እንዴት ይወገድ?

እንደ ደቅ ባለ የጣና ደሴት ላይ ቆሻሻ የሚጭን መኪና የለም፤ ሽንት ቤት የሚመጥ መኪናም በጀልባ አይሻገርም። ስለዚህ ከማስወገዱ በፊት ወደ ደሴቱ የሚገባውን ሞዴስ መቀነስ ይቀድማል። አንዲት ሴት በወር 20 ሞዴስ ብትጠቀም በዓመት 240 ነው፤ አብዛኛው ክፍሉ ደግሞ የማይበሰብስ ፕላስቲክ ነው።

የሚታጠብ ሞዴስ ከሆነ ለአንዲት ሴት ስድስት ይበቃል፤ በክረምት ቶሎ ስለማይደርቅ ግን ስምንት ይሻላል። መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውኃ ለ30 ደቂቃ ዘፍዝፉት፤ ሙቅ ውኃ የደሙን እድፍ ጨርቁ ላይ ያስቀረዋል። ከዚያ በሳሙና እሹት፣ ውኃው እስኪጠራ አለቅልቁት። እጣቢው ሐይቁ ውስጥ አይደፋም፤ ከዳርቻው ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ ተቆፍሮ ጠጠር የተሞላ ጉድጓድ ውስጥ ይፈስሳል። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ማድረቁ ላይ ነው። ሰው እንዳያየው ተብሎ ፍራሽ ሥር የተደበቀ ጨርቅ እርጥበቱ ስለማይወጣ ይሸታል፣ ያሳክካል። ላዩን በስስ ሻሽ ሸፍናችሁ ፀሐይ ላይ አስጡት፤ ማንም አያውቅም።

ብልት ውስጥ ገብቶ የወር አበባ ደም የሚይዘው የሲሊኮን ኩባያ ቆሻሻ የለውም ማለት ይቻላል። ቢበዛ በየ12 ሰዓቱ ይደፋል፤ የወር አበባው ሲያበቃ ይቀቀላል። የጣና ከፍታ ወደ 1,800 ሜትር ስለሚጠጋ ውኃ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ መፍላት ከጀመረ በኋላ 10 ደቂቃ አቆዩት። ውኃው ካለቀ ግን ኩባያው ድስቱ ላይ ያርራል።

የሚጣለው ሞዴስ ሽንት ቤት አይገባም። ጉድጓዱ ያለ ጊዜው ይሞላል። የሐይቁ ውኃ ከፍ በሚልበት በመስከረምና በጥቅምት ደግሞ ዳርቻው አጠገብ ያለ ጉድጓድ ከሥሩ ውኃ ይገባበታል፤ ያ ውኃ ተመልሶ የሚጠጣ ነው። ይልቅስ በወረቀት ጠቅልላችሁ፣ ክዳን ባለው 20 ሊትር ባልዲ ውስጥ አኑሩት፤ ላዩ ላይ አንድ እፍኝ ደረቅ አመድ ሽታውን ይቀንሰዋል። ባልዲው ሲሞላ በፌስታል አስራችሁ ማዳበሪያ ውስጥ ክተቱት፣ ዝናብ የማይነካው ቦታ አስቀምጡት። ሞዴሱ ውስጥ ያለው ውኃ መጣጭ ዱቄት ዝናብ ካገኘው አብጦ ይከብዳል። ማዳበሪያው ወደ ባሕር ዳር በሚሄደው ጀልባ ተጭኖ ለከተማው ቆሻሻ ሰብሳቢዎች ይሰጣል። ሸቀጡን ያመጣ ጀልባ ባዶውን ከሚመለስ ይህን ቢጭን ምን አለበት? ማዕበል ጀልባውን ሲያግድ ለአንድ ወር የሚበቃ ማስቀመጫ ይኑራችሁ።

ምድጃ ላይ ማቃጠል አይሆንም፤ እርጥብ ሞዴስ ይጨሳል እንጂ አይነድም፣ የፕላስቲኩ ጭስም ቤት ውስጥ ይቀራል። ማቃጠል ግድ ከሆነ ጭስ ማውጫ ያለው የጡብ ማቃጠያ፣ ደረቅ እንጨትና ከሰፈር ወጣ ያለ ቦታ ያስፈልጋል፤ አመዱም ውኃ በማይደርስበት ከፍ ያለ መሬት ይቀበራል።