የአሞኒያ ካታሊስት ተሸካሚ የሚሆን ካርቦን በሙቀት ስለማዘጋጀት

ሩቴኒየም የተባለው ብረታ ብረት ናይትሮጅንና ሃይድሮጅን ተዋህደው አሞኒያ እንዲሰጡ ከብረት ካታሊስት (የኬሚካል ለውጥ ማፋጠኛ) ባነሰ ግፊት ያግዛል። በካናዳ ኪቲማት በ1992 እ.ኤ.አ. በፋብሪካ ሥራ ላይ የዋለውም ግራፋይት መሰል ካርቦን ላይ ያረፈ ሩቴኒየም ነው። ችግሩ ሩቴኒየሙ ከሥሩ ያለውን ካርቦን ራሱን ከሃይድሮጅን ጋር አዋህዶ ወደ ሚቴን መለወጡ ነው፤ በዚህም ተሸካሚው ቀስ በቀስ ይበላል፣ የሩቴኒየሙ ቅንጣቶችም እየተጋጠሙ ይተልቃሉ። ካርቦኑን አስቀድሞ በከፍተኛ ሙቀት ማከም የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

በጎንደር ገበያ የሚሸጠው የእንጨት ከሰል ለልምምድ ይበቃል። በብረት ሳይሆን በፖርስሊን ሙቀጫ ወቅጦና ነፍቶ፣ አብዛኛው አመድ እንዲወጣ በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ካጠቡት በኋላ፣ የማጠቢያው ውሃ ከአሲድ እስኪጠራ ድረስ በዲስቲልድ ውሃ መደጋገም ይገባል። የእንጨት ከሰል ግን በ3000 ዲግሪ ሴልሺየስ እንኳ እውነተኛ ግራፋይት አይሆንም፤ የሚገኘው በከፊል የተስተካከለ አደራደር ብቻ ነው።

ሙቀቱ ከካርቦኑ ጋር በማይዋሃደው በአርጎን ጋዝ ውስጥ ከ1900 እስከ 2000 ዲግሪ ሊደርስ ይገባል። በየላቦራቶሪው ያለው ማፍል ምድጃ (ሣጥን መሰል የኤሌክትሪክ ምድጃ) ብዙውን ጊዜ ከ1200 ዲግሪ ስለማያልፍ፣ ይህ ሙቀት አየር በሌለበት እንኳ ካርቦኑ ላይ ያሉትን የኦክስጅን ውህዶች ያስወግዳል እንጂ የካርቦኑን ንብርብሮች በሚፈለገው መጠን አያደራጅም፤ ስለዚህ ይህን ደረጃ የግራፋይት ምድጃ ያለው ተቋም ዘንድ ልኮ ማሠራት ይሻላል።

ከዚህ ሙቀት የወጣ ካርቦን ቀዳዳዎቹ ስለሚዘጉ የገጽ ስፋቱ ክፉኛ ይቀንሳል። ስፋቱን ለመመለስ በስሱ ዘርግቶ በ400 እና በ450 ዲግሪ መካከል በቀጭን የአየር ፍሰት በከፊል ማቃጠልና ክብደቱን በየጊዜው መመዘን ያስፈልጋል። በእኔ ግምት ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ቃጠሎው ራሱ ሙቀት ስለሚያወጣ፣ ወፍራም ክምር ከመሐል ይግልና ምድጃው ከሚያሳየው በላይ ይነዳል። ቀጥሎ ቃጠሎው የተወውን ኦክስጅን ለማስወገድ በአርጎን ዳግም ማሞቅ ይገባል፤ ይህን ማፍል ምድጃ ሳይሆን ጋዝ የሚያሳልፍ ቱቦ ምድጃ ይሠራዋል።

የገጹ ስፋት በፈሳሽ ናይትሮጅን የቀዘቀዘው ካርቦን በገጹ በሚይዘው የናይትሮጅን ጋዝ መጠን ሲለካ፣ የቦታውን ከፍታ መርሳት አይገባም። ጎንደር ከ2000 ሜትር በላይ ስለሆነች፣ በክፍት ዕቃ ያለ ፈሳሽ ናይትሮጅን የሙሌት ግፊቱ (ፈሳሹና ተኑ ሚዛን የሚይዙበት ግፊት) 760 ሳይሆን 590 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ገደማ ነው። መሣሪያው ላይ 760 ከተሞላ አንጻራዊ ግፊቶቹ (የተለካው ግፊት ለሙሌት ግፊቱ ሲካፈል) ሁሉ ከእውነተኛው ያንሳሉ፣ ስሌቱም ይዛባል።

ሩቴኒየም ውድ ስለሆነ የሚጫነው መጨረሻ ላይ ነው። ክሎሪን ካታሊስቱን ስለሚያዳክም ክሎሪን የሌለበትን ጨው መምረጥ ይሻላል፤ ባሪየምና ሲዚየምም አጋዥ ሆነው ይጨመራሉ። ከዚያም በታከመውና ባልታከመው ካርቦን ላይ እኩል ሩቴኒየም ጭኖ ሁለቱንም በሃይድሮጅን ውስጥ እያሞቁ መመዘን ይገባል፤ የታከመው ክብደት መቀነስ የሚጀምረው ከፍ ባለ ሙቀት ካልሆነ፣ ወደ ግፊት ሙከራ ከመግባት በፊት የሙቀት ሕክምናውን መድገም ያስፈልጋል።